ለማንም ያልነገርነው ሽልማት

መልእክቱ ሲደርሰኝ ደሴ፣ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ዘጋሁት። ምን ላድርግ? በዚያ ዘመን «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ኢሜይል ያልደረሰው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ቆርጬው የማላውቀውን ሎተሪ ስንትና ስንት ጊዜ አሸንፌያለሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሀብታም ሴትዮም ንብረቷን ሁሉ ልታወርሰኝ ፈልጋ፣ የባንክ ቁጥርሽን ብቻ ላኪልኝ ብላ ለምናኛለች። ስለዚህ ሂሳቤን ከፈልኩና ተነሳሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መልእክቱ ውስጥ የማጠናት ኮከብ መለያ ቁጥር ነበረበት። ሌባ ስለ ሎተሪ ያወራል፣ ስለ ውርስ ያወራል፤ እኔና አማካሪዬ ብቻ የምንነታረክባትን ኮከብ ከየት ያመጣታል? ተመልሼ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የቤቱ ባለቤት «ምነው፣ የጣልሽው ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ተወኝ» አልኩት፣ መልእክቱን እንደገና እየከፈትኩ።

ያኔ ጠዋት ጠዋት ኮምቦልቻ ወርጄ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሚኒባስ የሃረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ተንገጫግጬ ደሴ እመለስና፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአስትሮፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እከታተላለሁ። አስትሮፊዚክስ እማራለሁ ያልኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቴሌስኮፕ ነው። ኧረ የት ተገኝቶ! እኛ የነበረን ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። የሌላ አገር ቴሌስኮፖች ለክተው በነጻ የሚለቁትን መረጃ ከኢንተርኔት እያወረድኩ ነበር የምሠራው። እሱም መስመሩ ደስ ሲለው ነው። ግማሽ ወርዶ ሲቋረጥ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ኮከቧ ብርሃኗ ከፍና ዝቅ ከሚሉት ወገን ናት። ቦግ ትላለች፣ ትደበዝዛለች፣ ጊዜዋን ጠብቃ ደግሞ ቦግ ትላለች። እኔ ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ ጊዜዋን የምትጠብቀው ኮከብ ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ እየዘገየች መሆኗን ነው። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት፣ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር። አማካሪዬ ደጋግመው ካሠሩኝ በኋላ፣ በየዓመቱ የተማሪዎችን የምርምር ሥራ አወዳድሮ ለሚሸልም አንድ የሥነ ፈለክ ማኅበር ላኪው አሉኝ። ሽልማቱ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም፤ የጉዞ ድጋፍ ነው። ያሸነፈ ተማሪ ቲኬቱ ተቆርጦለት ጀርመን አገር ስብሰባ ይሄዳል፤ ሥራውን በትልቅ ወረቀት ላይ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰማይ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ፊት ቆሞ ያስረዳል። እኔ ከዚያ ግድግዳ ፊት መቆም ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። አንድ ሰው፣ አንድ ቴሌስኮፕ በዓይኑ ያየ ሰው፣ «ልክ ነሽ» ወይም «ተሳስተሻል» እንዲለኝ ብቻ።

መልእክቱን አሳትሜ ለአማካሪዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት።

«ገንዘብ ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ይጠይቃሉ።»

ቢጠብቁ ቢጠብቁ ማኅበሩ አልጠየቀም። አማካሪዬ ራሳቸው ለማኅበሩ ጻፉ፣ መልስ መጣ፣ እውነት ሆነ። እኔ ደስታ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ዘጉ። «ስሚ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማንም እንዳትተነፍሺ። እዚህ ቤት አንዱ ኃላፊ ከሰማ ‹ተማሪ ከምትሄድ መምህር ይወክለን› ይላል። ቲኬቱ እጅሽ እስኪገባ አንቺም አልሰማሽም፣ እኔም አልሰማሁም።» እውነት እንዲያ የሚል ኃላፊ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውየው ግን ከልባቸው ነበር የሚጠረጥሩት።

ቤት ስገባ እማዬ ስፌት ላይ ነበረች። የምንኖረው ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ያሳደገችን በዚያች የስፌት መኪና ነው። የወንጌል አማኞች ነን፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን የሚለብሱት ልብስ ሁሉ በእማዬ እጅ ያለፈ ነው። ነገሩን ስነግራት መርፌውን አቆመችና አፍጥጣ አየችኝ።

«ማን ነው የሚከፍለው?»

«ማኅበሩ።»

«ለምን?»

«ሥራዬን ወደውት።»

«ሰው ሥራ ከወደደ ጎሽ ይላል እንጂ በአውሮፕላን ይወስዳል? ምን ሊያደርጉሽ ነው?»

የጉዞው መስመር በዱባይ በኩል እንደሆነ ስነግራት ደግሞ ጉድ ፈላ። ዱባይ! እስቲ ፍረዱ፤ በእኛ ሰፈር ዱባይ ማለት ደላላ ማለት ነው። ከየቤቱ አንዳንድ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ የከፊሎቹ ድምፅ ይሰማል፣ የከፊሎቹ አይሰማም። የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ሙስሊም ናት፣ የልጅነቴ ግማሽ እሷ ቤት ነው ያለቀው፣ ልጇን እንደዚያ ሸኝታ ስልክ በጮኸ ቁጥር «ያ ረቢ» እያለች ነው የምታነሳው። እማዬ ይሄን ሁሉ ስታይ የኖረች ሴት ናት። «ጀርመን ነው ብለው ዱባይ ላይ አውርደው ቢሸጡሽስ?» አለችኝ። ሳቅኩ። መሳቄ ይበልጥ አናደዳት።

በመጨረሻ ያሳመናት ምን መሰላችሁ? ፎቶ ነው። የማኅበሩን ሰዎች ፎቶ በሞባይሌ አሳየኋት። መሪያቸው መላጣ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተበስቶ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። እማዬ ስልኩን ወደ መስኮቱ ወስዳ የተጣፈበትን በሙያዋ መረመረችው። «ራሱ ነው የጣፈው፤ ሴት እንዲህ አትጥፍም» አለች። ትንሽ አሰበችና «ይሄ ሰውዬ ሌባ አይደለም። ሌባ እንዲህ አይለብስም» ብላ ፈረደች። በዚሁ ፈቃድ አገኘሁ።

ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ለማንም አይነገርም። ለአክስት አይነገርም፣ ለቤተ ክርስቲያን አይነገርም፣ ለጎረቤትማ ጭራሽ። እኛ አገር ውጭ የሚሄድ ሰው አይናገርም፤ ይህን የማያውቅ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ሰውየው የለም። የት ሄደ? ሲባል ቤተሰቡ «ሄደኮ» ይላል፣ ያኔ አውሮፕላኑ ካረፈ ቆይቷል። ጎረቤታችንም ልጇን የሸኘቻት ለኛ ሳትተነፍስ ነበር፤ እማዬ ያኔ ተቀይማ «ግድግዳችን አንድ ሆኖ!» ስትል ከርማ፣ ተራው የኛ ሲሆን ያንኑ አደረገችው።

እማዬ ምክንያት ነበራት። ታናሽ ወንድሟ በወጣትነቱ «ልሄድ ነው» ብሎ አገሩን ሁሉ ተሰናበተ፤ በግ ታረደለት፣ ሸሚዝ ተሰጠው፣ ተለቀሰለት። ከቦሌ መልሰው ሰደዱት። ከዚያ በኋላ የደሴ ሰው ስሙን ረሳው፤ ልጅ አዋቂው «ፈረንጁ» ብቻ ይለው ጀመር። ካፌ ሲገባ «ፈረንጁ መጣ»፣ ታክሲ ሲጠብቅ «ፈረንጁ፣ አውሮፕላን ነው የምትጠብቀው?» አልቻለም፣ አገር ለቆ ወጣ። «ያ ነገር አንቺ ላይ ሲደርስ አላይም» ትላለች እማዬ። እኔም ብሆን ኮምቦልቻ ተማሪዎቼ «ፈረንጇ» ሲሉኝ በሐሳቤ እየመጣብኝ ዝም አልኩ።

እሷ ጸሎት እንኳ በድብቅ ነበር የምታስጸልየው። የጸሎት ቡድናቸው ውስጥ ተነስታ «እግዚአብሔር የሚያውቀው አንድ ጉዳይ አለኝ፣ ጸልዩልኝ» አለች። ሴቶቹ ጸለዩ። በሳምንቱም ያንኑ አለች። አንዷ አላስቻላትም መሰለኝ «እህቴ፣ ሕመም ነው? ፍርድ ቤት ነው? ትንሽ ፍንጭ ስጪን» ብትላት፣ እማዬ «ስሙን ካነሳነው ጠላት ይሰማል» ብላ አፏን አስያዘቻት። ጠላት የምትለው ሰይጣንን ነው። አንዳንዴ ግን ሰይጣኑና የሰፈሩ ሰው ይቀላቀሉብኝ ነበር።

ፓስፖርት ለማውጣት አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። ለሰፈር ምን ይባል? እማዬ መዋሸት አትወድም፤ ልጆች ሆነን ትንሽ ውሸት ከተናገርን ቀኑን ሙሉ ነበር የምትቀጣን። «ጥርሷን ልትታይ ነው በይ» አልኳት። «አልዋሽም» አለች። ከዚያ ጎረቤታችን በበሩ ብቅ ብላ «ልጅቱ የት ናት?» ስትላት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጥርሷን ልትታይ ሄደች።» ስመለስ ጎረቤታችን ቅርንፉድ በወረቀት ቋጥራ ጠበቀችኝ። «ወላሂ ልጄ፣ ጥርስ አይጣል ነው፣ እስቲ አሳዪኝ» ብላ አገጬን ይዛ አፌን አስከፈተችኝ። ድፍን ጤነኛ ጥርሴን እያየች «የቱ ነው?» ትለኛለች። አንዱን ዝም ብዬ ጠቆምኩ። «አብሽሪ፣ ኸይር ይሆናል» አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን ዞር ብዬ እማዬን ሳያት ጭንቅላቷን ስፌቱ ውስጥ ቀብራ በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። አብሮኝ የሚማረው አንድ ልጅ ለዚያው ሽልማት ተወዳድሮ ነበር። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ «ውጤቱ አልወጣም እንዴ?» አለኝ። «እኔ ምኑን አውቃለሁ?» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ሳወጣ እሱ ቢያስነጥስ እንኳ ሊሰልለኝ ይመስለኛል። የአንድ ለአምስት ስብሰባ የምትጠራው የቀበሌ ሴት እማዬን መንገድ ላይ አግኝታ «ልጅሽ ሰሞኑን ጠፋችብን» ብትላት፣ እማዬ ውሃ ሆና ነበር ቤት የገባችው። «ምን ማለቷ ነው? ማን ነግሯት ነው? ስልካችን ተጠልፎ ይሆን?» የሚሉ ጥያቄዎች ሲዥጎደጎዱ አመሸን። ያኔ ስልክ ይጠለፋል የሚለው ወሬ ሰውን ሁሉ ሹክሹክታ አስለምዶት ነበር። ስለ አውሮፕላን ስናወራ እማዬ ሞባይሏን ትራስ ስር ትከታለች። ትስቁ ይሆናል። እኛ አልሳቅንም።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ፓስፖርቴን ልኬያለሁ፣ የተጠየቅኩትን ሁሉ ሞልቼ ልኬያለሁ፣ የቲኬቱ መልእክት ግን አልመጣም። ፒያሳ እመላለሳለሁ፣ እከፍታለሁ፣ የለም። የምለጥፈው ትልቅ ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ የኮከቧ ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚልበትን መስመር ቀለሙን ስንት ጊዜ እንደቀያየርኩት! ኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ጠመኔዬን ይዤ በመስኮቱ እያየሁ እቀራለሁ፤ ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ። ሲብስብኝ ጻፍኩላቸው። መልሱ አጭር ነበር። በራስዎ ምክንያት ጉዞውን እንደተዉት ስለተረዳን ዕድሉን ለተጠባባቂ አስተላልፈነዋል፣ ለወደፊቱ መልካም ዕድል እንመኛለን።

እኔ? ተውኩት? መቼ? ደሜ ፈላ። አሳትሜው ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነጎድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ያንን ልጅ ነበር። እሱ ነው፤ በስሜ ጽፎ ነው፤ ሌላ ማን ያውቃል? ግቢው በር ላይ አገኘሁትና አነቅኩት ማለት ይቀላል። «በስሜ ምን ጻፍክ?» አልኩት። ልጁ ክው አለ። «ወጣ ማለት ነው? አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው?» አለኝ። ለካ እስካሁን ውጤቱን ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ ላላሸነፈ ሰው ማኅበሩ አይጽፍም። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ነገር ግርምት ብቻ ነው፤ የሌባ ዓይን እንደዚያ አይሆንም። ትቼው ወደ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ።

አማካሪዬ ወረቀቱን አነበቡት። «የጻፈው ሰው ከዚሁ ቤት ነው» አሉ፣ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ። ማን እንደሆነ ግን አላወቁም። የቲኬቱን ጉዳይ አዲስ አበባ ሆና የምታስፈጽም ሴት እንዳለች ያውቁ ነበርና ስልኳን ሰጡኝ። ወጥቼ ግቢው አጥር ስር ቆሜ ደወልኩ።

ሴትዮዋ ትሑት ነበረች። ስሜን ስነግራት ወዲያው አስታወሰችኝ። «እኛም አዝነናል» አለችኝ። «ከዚህ በፊት በሐሰት ስም ያሸነፈ ሰው አጋጥሞናል። ሰውየው ጭራሽ ተማሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቲኬት ከመቁረጣችን በፊት፣ ተወዳዳሪው በሰጠን የቤተሰብ ስልክ ሳናሳውቅ እየደወልን ነው የምናጣራው።»

«ደወላችሁ?»

«ደውለናል። ያነጋገርኳቸው እናትዎን ነው።»

«ምን አለች?»

«የትም እንደማይሄዱ ነገሩኝ። አመልክተው ነበር ስላቸው ‹ከሆነም ትታዋለች› አሉኝ። እኔም ደጋግሜ ጠየቅኳቸው፤ እርግጠኛ ነበሩ።»

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። ባጃጅ ያዝኩ፣ ቧንቧ ውሃ ወረድኩ። እማዬ ሰማያዊ የመዘምራን ልብስ ዘርግታ እጅጌ እየገጠመች ነበር። ፊቷ ብሩህ ነው። «እማዬ፣ አዲስ አበባ ሆና የደወለችልሽ ሴት ነበረች?» አልኳት።

መቀሱን አስቀመጠች። ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። «ደወለችልሽ እንዴ? እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ሴት፣ አፏ ቅቤ፣ ስምሽን ከነአባትሽ ጠርታ ‹እናቷ ነዎት?› አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ሰላይ ትሁን፣ የደላላ ሰው ትሁን፣ የዚያ የትምህርት ቤታችሁ ምቀኛ የላካት ትሁን እንጃ። ‹ጀርመን እንደምትሄድ ያውቃሉ?› ትለኛለች። እኔ ልጅ ነኝ? ‹የኔ ልጅ ኮምቦልቻ ታስተምራለች፣ ማታ ቤቷ ትገባለች፣ የትም አገር አትሄድም፤ ማን ነው እንዲህ ያለሽ?› አልኳት። ‹አመልክታ ነበር› ብላ ልታወጣጣኝ ሞከረች። ‹ከሆነም ትታዋለች› ብዬ አፏን አስያዝኳት። ‹እሺ፣ አመሰግናለሁ› ብላ ዘጋች። አፍራ! ጌታን ነው የምልሽ፣ ቃሉን ራሱ መንፈስ ቅዱስ ነው አፌ ላይ ያስቀመጠልኝ።»

ይሄን ሁሉ ስትናገር እያየኋት ነበር። እንዴት ደስ ብሏት! ለኔ ብላ የተዋጋችው ጦርነት ነው፤ አሸንፋለች።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ እኮ ቲኬቱን የምትቆርጠው ናት።»

«የቱን ቲኬት?»

«የኔን! የኔን ቲኬት! ለሌላ ሰው ሰጡት። እናቷ ትታዋለች ስላለች ሰጡት። አንቺ ነሽ የዘጋሽብኝ!» ጮህኩ። እማዬ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን የግድግዳው ማዶ እስኪሰማ ጮህኩ፤ ይስማ ብዬ ነው የጮህኩት። አልቅሼ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የተቆራረጠው ጨርቅ መሃል።

እማዬ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። «‹ስልክሽን ሰጥቻቸዋለሁ› አላልሽኝም እኮ» አለች።

አላልኳትም። ለማንም አይነገርም ብለን ስንምል እኔ ለእሷም ጭምር አልተናገርኩም ነበር። የቤተሰብ ስልክ ሲጠይቁኝ ጻፍኩና ረሳሁት።

ከዚያ «ቁጥሯን ስጪኝ» አለችኝ። «ምን ዋጋ አለው?» አልኳት። «ስጪኝ አልኩሽ!» ስልኬን ሰጠኋት። ደወለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ቆመች። የሴትዮዋ ድምፅ አይሰማኝም፤ የእማዬን ብቻ ነው የምሰማው።

«ልጄ፣ እኔ ያኔ ያነጋገርሽኝ የደሴዋ እናት ነኝ። ዋሽቼሻለሁ። ልጄ አልተወችም። ትሄዳለች። እውነት ነው የምልሽ፣ ሌት ተቀን እሱን ነው የምትሠራው። እኔ ነኝ ፈርቼ የዋሸሁት፤ እሷ የለችበትም። … ገባኝ። … አዎ፣ ገባኝ። ቲኬቱም ተቆርጧል? … አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ አይዞሽ። … ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቲኬቱን ለሰጣችኋት ልጅ እናትም ደውላችሁ ነበር? … ምን አለች?»

አዳመጠች። «እሺ፤ ይቅናት» አለችና ዘጋች። ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን አለች?» አልኳት።

«እልል አለች አሉ» አለች እማዬ። «ሴትዮዋ ነግራ ሳትጨርስ፣ ስልኩ ላይ እልል አለች።»

ከዚያ በኋላ ተመርቄያለሁ፣ ለሌሎች ሽልማቶችም ተወዳድሬ ነበር፣ አልሆነም። ወረቀቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ተጠቅልሎ ቀረ፤ ጎረቤታችንም ያን ቀን ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ አንድም ቀን ሳታነሳብኝ ኖራለች። የተለወጠችው እማዬ ናት። ከዚያ ወዲህ የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት «ሃሎ» አትልም። ኮምቦልቻ ያለ ጨርቅ ነጋዴ ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይሁን፣ ተሳስቶ የደወለ ይሁን፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። መርፌዋን ታቆማለች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዘዋለች፣ ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍስ «አዎ፣ እናቷ ነኝ፤ ትሄዳለች» ትላለች።